ከእንግዲህ አትወድቅም ያለችው ሜዳሊያ ሻጭ

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዋናው በር በስተቀኝ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት አንዲት ሱቅ አለች። ሜዳሊያ፣ መቁጠሪያ፣ ሻማ፣ እንዲሁም ፊታቸው ላይ የቅዱሳን ሥዕል ጀርባቸው ላይ ጸሎት የታተመባቸው ትንንሽ ካርዶች ይሸጡባታል። ሱቋ የቁምስናው ናት፤ ከመስታወቱ ሳጥን ጀርባ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው አንዲት ሴት ናት። ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ «ፋርማሲስቷ» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ደወል የሚደውለው ቀልደኛ ሰውዬ ነው አሉ። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመደችው፣ በመጨረሻ ወደደችው። ነገር የተበላሸው መውደድ ስትጀምር ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ፋርማሲስቷ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም። ገዢው ገና እግሩን ሳያስገባ በመነጽሯ አናት አሻግራ ታየውና «እሺ፣ ምንህን ነው?» ትለዋለች። ዓይኑን ያመመው ቅድስት ሉቺያን ይዞ ይወጣል። ጉሮሮውን ያመመው ቅዱስ ብላስዮስን፣ ዕቃ የጠፋበት ቅዱስ አንጦንዮስን፣ ነገር ዓለሙ የተቆላለፈበት ቅድስት ሪታን። አንዴ አንዲት ወይዘሮ «የኔስ ጣጣ ባሌ ነው» ብትላት፣ «ጠፍቶብሽ ነው ወይስ ቤት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ጠፍቶ ከሆነ አንጦንዮስ፣ ቤት ካለ ሪታ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ እየሳቀች ሁለቱንም ገዛች።

ወደዚህች ሱቅ የመጣችው በአንድ ክረምት ባሏንም ሥራዋንም ካጣች በኋላ ነው። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ትወለውል ነበር። ሱቁን ትጠብቅ የነበረችው አሮጊት ሲስተር እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሮ የሰንሰለቱን ቀለበት በፒንሳ መግጠም ሲያቅታት፣ «ነይ እስቲ፣ የአንቺ ዓይን ደህና ነው» ብላ ከመወልወያው አስነስታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሥራውንም ትምህርቱንም ያስጨበጠቻት እሷ ናት።

ሲስተር ቁጡ ነበረች። ሜዳሊያን እንደ ክታብ የሚቆጥር ሰው ሲመጣ ደሟ ይፈላል። «ይሄ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ አያድንም» ትላለች። «ጣትሽ ላይ ያለው ቀለበት ባል ይሆንልሻል? ባልሽን ያስታውስሻል እንጂ! ሜዳሊያም እንደዚሁ ነው። ያንጠለጠልሽው ማን እንደሆንሽና ማንን እንደምትለምኚ እንዳትረሺ ነው። የማትጸልዪ ከሆነ ዶቃ ግዢ፣ እሱ ያምርብሻል።» ስለ ካርዶቹ ሲጠይቋት ደግሞ ትለሰልሳለች። «የሞተች እናትሽን ፎቶ ስትስሚ ወረቀቱን ነው የምትስሚው? እናትሽን ነው። ሥዕሉን ስትስሚም የምትስሚው በሥዕሉ በኩል የምታዪያቸውን ነው» ትል ነበር።

ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ለገዢውም ሁሉ ትደግመዋለች። ሌላም የምትደግመው ነገር አለ። የተባረከ ነገር አይሸጥምና በሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ አንዱም ቡራኬ ያገኘ አይደለም። የገዛ ሰው ግቢውን ተሻግሮ ይሄዳል፤ አባ ከጧቱ ቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ፣ ሰዉም ሜዳሊያውን በመዳፉ ይዞ ይሰለፋል። «ሂጂ አስባርኪው። ቡራኬ ማለት ግን ምትሃት እንዳይመስልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን አብራሽ መጸለይዋ ነው» ትላለች ፋርማሲስቷ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስትል ኖራ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ሰው አላስወጣ ብሎ ሱቁ ባዶ ነበር። አንዲት ሴት ሴት ልጇን በነጠላ ጫማ እያስሮጠች ገባች። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ዚፕ የምትቀይር፣ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ልጇን ያለ አባት የምታሳድግ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ግንባሯ ላይ ትልቅ ፕላስተር ተለጥፏል። የሚጥል በሽታ አለባት። ጧት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጥሏት ተፈንክታ ነው።

«ክኒን አላት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ሻርፗን እየጨመቀች። «ግን ያደነዝዛታል እትዬ። ስትውጠው ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ አስተማሪዋ ትቆጣለች። ስታጎድለው ደግሞ ይኸው ትወድቃለች። እኔ ሴትዮዋ ምኗን ይዤ ምኗን ልልቀቅ?» ይህን ብላ መስታወቱ ሳጥን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ልጅቷ እናቷን ትታ ፋርማሲስቷን አየቻት፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

አንጀቷን በላቻት። ለሚጥል በሽታ የሚለመነው ቅዱስ ካርዱ አልቆ ነበር፤ ስለዚህ ከቬልቬቱ ላይ የእመቤታችንን ሜዳሊያ አንስታ፣ ሰማያዊ ክር አስገብታላት፣ ከሳጥኑ ጀርባ ወጥታ በገዛ እጇ አንገቷ ላይ አሰረችላት። እዚህ ላይ የምትለውን ታውቃለች። ጸልዪ ማለት ነው፣ ሐኪሟንም እንዳትተዪ ማለት ነው። እሷ ግን «በቃ አታልቅሺ። ከእንግዲህ አትወድቅም» አለች።

ለምን አለች? አዝና ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ስታያት ፊቷ ላይ የነበረው ነገር! በዚያ ዓይን ታይታ አታውቅም፤ ባሏም እንዲያ አላያትም። ቃሏን ልመልስ ብትል ያን ፊት መልሳ ልታጠፋው ነው፤ ስለዚህ ዝም አለች። አባ ደግሞ ለቀብር ሄደው ዕቃ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። እናትና ልጅ ሜዳሊያዋን ሳያስባርኩ በዝናቡ ውስጥ ተመልሰው ሄዱ።

አራት ወር አለፈ። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሩቅ በአውቶቡስ የሚመጡ ተሳላሚዎች ግቢውን ሞልተውት ሳለ ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ እየተጋፋች ገባች። ለመስታወቱ ሳጥን የሚሆን፣ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ሰፍታላት መጥታለች። «እኚህ ናቸው!» አለች ለተሳላሚዎቹ። «ልጄን ያተረፉልኝ እኚህ ናቸው! አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀችም!» ሰዉ ተንጫጫ። አንዷ ባልቴት የፋርማሲስቷን እጅ ይዛ ሳመች። እሷም «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ» እያለች ውስጧ ሞቅ አላት።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊዋ እንደ ቀላል ነገር የጨመረችው። «ክኒኑንማ ገና በሦስተኛው ሳምንት ነው የጣልኩት። እርስዎ አትወድቅም ብለውኝ የለም እንዴ!»

አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ አለች ፋርማሲስቷ ለራሷ። አሥራ አምስት ሰው ያያታል። እጇ ከተሳመ ደቂቃ አልሞላውም። የተጠለፈውን ጨርቅ ሳጥኑ ላይ ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ጉንጯን ስማት ወጣች፤ ከቀትር በፊት በሱቁ ያለው የእመቤታችን ሜዳሊያ አንድም ሳይቀር አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። ልጅቷ ምድጃ አጠገብ ቆማ ትታያታለች። መንገድ ስትሻገር ትታያታለች። ወድቃ ብትሞት የገደላት በሽታው ብቻ አይሆንም፣ እኔም ነኝ እያለች ትብሰከሰካለች። መለስ ትልና ደግሞ፣ ድናስ ቢሆን? ትላለች። እግዚአብሔር ማዳን ይሳነዋል? እኔ ማነኝና ተአምር ላፈርስ? ከሁሉ ያስፈራት ይኼኛው ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም በጣም ተመቻት። ሲስተር ብትኖር ምን እንደምትላት ታውቃለች፤ አፈር ስለሆነች ብቻ አላለቻትም።

በአራተኛው ቀን ሱቁን ቆልፋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ሄደች። ሁሉንም ልትነግራት ወስና ነው የሄደችው። ክፍሏ በክርና በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላች ናት፤ አልጋው በአንድ ወገን፣ የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ካርድ በአራት ስፒል ተሰክቷል። ልብስ ሰፊዋ ስታያት የምትገባበት ጠፋት። ካለቻት አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ያለውን የተቆለለ ሱሪ በእቅፏ አንስታ አልጋው ላይ ወረወረችና አስቀመጠቻት። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች።

እንዲህ ባለ ቤት፣ እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ዋሽቼሻለሁ» ማለት እንዴት ይቻላል? ዞር ስትል ሌላ መንገድ የታያት መሰላት፤ ማንንም የማያዋርድ፣ በግማሹ እውነት የሆነ መንገድ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ሜዳሊያዋን አስባርከሽዋል?»

«ኧረ አባ አልነበሩም! ከዚያም ሥራ በዛብኝ...» ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። «ምነው እትዬ?»

«እንዲያ ከሆነማ ባዶ ብረት ነው ያንጠለጠለችው። እስክታስባርኪው ድረስ ክኒኗን ስጫት። ከክሊኒኩ ዛሬውኑ አምጪላት። ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እስካሁን ያለ ቡራኬ! እግዜር ነው የጠበቀኝ!» አለች፤ ተነሥታም ጉልበቷን ሳመቻት። ፋርማሲስቷ ስትወጣ ሸክም የወረደላት መሰላት። እሑድ ለቅዳሴ መጥተው እስኪያስባርኩት ክኒኑን ትውጣለች፣ እስከዚያ ቀስ ብዬ የማስረዳበት መላ አላጣም እያለች ሄደች። ሠላሳ አንድ ዓመት «ምትሃት አይደለም» ስትል የኖረች ሴት፣ ምትሃቱን በገዛ አፏ አጠናክራ መምጣቷ የገባት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጧት ቅዳሴው አልቆ ሱቁን እንደከፈተች ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ጋር ከዕቃ ቤቱ በኩል እየሮጠች መጣች። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አዝላለች። ሁለት ሻማ ገዢዎች ከፋርማሲስቷ ፊት ቆመው ነበር።

«ተባረከ!» አለች ከደጅ። «ገና ሳይነጋ መጥቼ አባን በር ላይ ጠበቅኳቸው። አሁንማ ማን ይችለናል!»

«ክኒኑንስ? ትናንት ሰጠሻት?»

«ለአንድ ቀን ብዬ? ምን ያደርግላታል ብዬ!»

ፋርማሲስቷ ሻማውን አስቀመጠች። ሻማ ገዢዎቹ እዚያው ናቸው፤ ይስሙ፣ አለች በልቧ። ከሳጥኑ ጀርባ ወጣችና ልብስ ሰፊዋን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ስሚኝ ልጄ። ዋሽቼሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። ያን ቀን ከእንግዲህ አትወድቅም ያልኩሽ ውሸት ነው። ትናንት ያልኩሽም ማምለጫ ነው። ተባረከም አልተባረከም ሜዳሊያ መድኃኒት አይተካም። እዪው፣ ዙሪያውን የተጻፈው ለምኝልን ነው የሚለው። ልመና ነው። ቃል የገባልሽ የለም። ቃል የገባሁልሽ እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ እምነቷ የሚፈተን መስሏት ነው። ቀጥሎ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «በማን ስም ነው ቃል የገቡልኝ?»

«በማንም። አሳዘንሽኝ።»

«አሳዘንኩዎት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቃሉን ቀስ አድርጋ ነው የተናገረችው። «እኔ አምላክ የተናገረኝ መስሎኝ፣ ለካ አሳዝኜዎት ነው። ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው እያለ ስነግርዎትስ? ያን ጊዜም አሳዝኜዎት ነው ዝም ያሉኝ?»

«ያን ጊዜ አፍሬ ነው። እጄን ሲስሙኝ ደስ ብሎኝም ነው።»

ሻማ ገዢዎቹ ወደ በሩ ሸሹ። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን አላቀቀች። «ቆይ፣ ታዲያ አራት ወር ያልወደቀችውስ? እሱስ ውሸት ነው? በዓይኔ ያየሁትን!»

«አላውቅም» አለች ፋርማሲስቷ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ሱቅ ውስጥ «አላውቅም» ማለቷ ነው።

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

ሁለቱም ዞሩ። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኔ እኮ እወድቃለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ አልገባትም። «የት?»

«ትምህርት ቤት። ከውሃ ታንከሩ ኋላ። ሊመጣብኝ ሲል ስለሚታወቀኝ ሮጬ እዚያ እተኛለሁ።» ከዚያ ፈጠን ብላ፣ ክስ የሚቀልላት ይመስል፣ ጨመረች። «አስተማሪዋ አንዴ አይታኛለች። እናቴ ታውቃለች አልኳት።»

«ስንቴ?»

ልጅቷ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አንዱን እጇን ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘችና አስቆመቻት።

«ምላስሽ ያበጠውስ? ሻይ አቃጠለኝ ያልሽኝ?»

«ሲጥለኝ ነክሼው ነው» አለች ልጅቷ።

«ለምን? ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

«እምነት የሌለው ሰው ነው የሚወድቀው ብለሽ ለጎረቤት ስትነግሪ ሰማሁ» አለች ልጅቷ። አሁን እንባዋ መጣ። «የኔ እምነት እንዳልሠራ እንዳታውቂ ብዬ። ደስ ብሎሽ ነበር። እየዘፈንሽ ትሰፊ ነበር።»

ፋርማሲስቷ ልጅቷ ብትሞት ብላ አራት ቀን ተብሰክስካለች፤ አራት ወር ሙሉ ብቻዋን ከታንከር ኋላ እየተኛች፣ ኃጢአተኛዋ እኔ ነኝ እያለች ትኖር ይሆናል ብላ ግን አንዴም አላሰበችም።

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የልጇን ፊት በሻርፗ ጠረገች። «ተነሺ። ክሊኒክ ነው የምንሄደው። ዛሬ ትምህርት የለም።»

ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷ ላይ ያለችውን ሜዳሊያ በጣቶቿ ይዛ ቀና አለችና ፋርማሲስቷን ጠየቀቻት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነውና፣ እናቷን አልጠየቀችም።

«ክኒኔን ብውጥ እመቤታችን ትቆጣኛለች?»

ፋርማሲስቷ አፏን ከፈተች።

«አይመልሱላት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። አልጮኸችም፤ ግን ፋርማሲስቷ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። «እርስዎ አይመልሱላት። እኔ እመልስላታለሁ።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች፤ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ በራሷ ትከሻ አንጠለጠለች። «አትቆጣሽም። እሷም እናት ናት። እናት ልጇ ስትታመም አትቆጣም፤ ልጇ ብቻዋን ስትታመም ነው አንጀቷ የሚቆረጠው» አለች። ልጅቷን በእጇ ይዛ ግቢውን ተሻገረች፣ በትልቁ በርም ወጥታ ወደ ክሊኒኩ አቀናች። ፋርማሲስቷ እስከ በሩ ተከተለቻቸውና፣ አብሬያችሁ ልምጣ ልትል ብላ፣ ማንም እንዳልጠራት ትዝ ሲላት እዚያው ቆመች።